ያለ ጥብቅ ዕቅድ አውሮፓን በባቡር መዞር፦ ፓሱ የሚፈቅደውና የማይፈቅደው

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በመጪው ሴፕቴምበር ከእናቴ ጋር ለ3 ሳምንት አውሮፓን በባቡር ልናይ አስበናል። ፓሪስ ገብተን ከሮም እንመለሳለን። በመካከሉ ለንደንን ለ2 ቀን፣ ከዚያ አምስተርዳምን፣ አክስቴ የምትኖርበትን ፍራንክፈርትን፣ ፕራግን፣ ቪየናንና ቬኒስን ማየት እንፈልጋለን። ቀኑን ከአሁኑ መወሰን አልፈልግም፤ የወደድነው ከተማ ላይ ሰንበት ብለን፣ ያልወደድነውን ትተን መሄድ ነው ሐሳባችን። ዩሬይል ፓስ ከገዛሁ ጣቢያ ሄጄ ያገኘሁት ባቡር ላይ መሳፈር እንደምችል ሰዎች ነግረውኛል። እኔ የአሜሪካ ፓስፖርት አለኝ። እናቴ 63 ዓመቷ ነው፤ ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው ያላት፤ ጉልበቷንም ያማታል። ፓሱ ያዋጣናል?»

ምላሽ፦ ጥያቄው ስለ ፓስ ቢሆንም የዚህን ጉዞ ልክ የሚወስነው የእናትዎ ፓስፖርት ስለሆነ ከዚያ እነሣለሁ። ግሪን ካርድ አሜሪካ ለመኖርና ወደ አሜሪካ ለመመለስ እንጂ አውሮፓ ለመግባት አያገለግልም፤ እናትዎ የሸንገን ቪዛ (በመካከላቸው ቋሚ የድንበር ፍተሻ ያስቀሩት የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚቀበሉት ቪዛ) ያስፈልጋቸዋል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያ ዜጎች ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥ፣ የማመልከቻው መመርመሪያ ጊዜም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ እንዲል አድርጓል። ማመልከቻ ከማስገባትዎ በፊት ውሳኔው መጽናቱን ከቆንስላው ያረጋግጡ፤ ዕቅድዎን ግን እናትዎ ወደ ሸንገን አገሮች የሚገቡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ብለው ይንደፉ። ብሪታንያ ከሸንገን ውጭ ናት። እናትዎ ፓሪስ ከርመው ወደ ለንደን ለመሻገር ጋር ዱ ኖር ጣቢያ የመውጫ ፍተሻውን ባለፉበት ቅጽበት ቪዛው አበቃ ማለት ነው፤ ከ2 ቀን በኋላ ወደ አምስተርዳም ልመለስ ቢሉ የሚያስገባቸው የለም።

ለብሪታንያም ለብቻዋ ቪዛ ያስፈልጋቸዋል፤ እርስዎም በአሜሪካ ፓስፖርት ቢሆን እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ አስቀድመው ማውጣት አለብዎት። ለ2 ቀን ሲባል ይህ ሁሉ አያዋጣምና ለንደንን ከዕቅዱ ያውጧት። የግድ ናት ካሉ መነሻ ትሁን፤ ከአሜሪካ ለንደን ገብታችሁ፣ ከዚያ በባሕር ሥር በሚያልፈው ፈጣን ባቡር በዩሮስታር ፓሪስ ትወርዳላችሁ፤ ሸንገን የምትገቡት ያን ጊዜ ነው።

ቪዛው የሚጠየቀው መጀመሪያ ከሚያርፉበት አገር ቆንስላ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ደንቡ እንዲህ አይደለም፤ የሚጠየቀው ረጅሙን ጊዜ ከሚቆዩበት አገር ነው፤ የመጀመሪያው መግቢያ የሚታየው ቆይታው እኩል ሲሆን ብቻ ነው። አክስትዎ ዘንድ 8 ሌሊት ካደራችሁ ማመልከቻው የጀርመን ነው። «የወደድነው ከተማ ላይ ሰንበት እንላለን» የሚለው ሐሳብ የመጀመሪያ ገደቡን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ጀርመን በሰጠችው ቪዛ ከጀርመን ይልቅ ጣሊያን ውስጥ ብዙ ማደር የለባችሁም። በተረፈ አንድ ሁለት ቀን ማሸጋሸግ ችግር አያመጣም። ቆንስላው የጉዞ መርሐ ግብር፣ የማደሪያ ማስረጃና ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንስ ይጠይቃል። ስለዚህ በእርግጥ የምትከተሉትን መስመር ጽፋችሁ፣ ማደሪያውን ያለ ክፍያ ሊሰረዝ ከሚችል ሆቴል ይዛችሁ ማቅረብ ነው። ቪዛው ሲወጣ ሁለት ነገር ያንብቡ፤ ቪዛው የሚጸናበትን ቀን ብቻ ሳይሆን የተፈቀደውን የቆይታ ቀን ብዛትም። ቪዛው ለ5 ሳምንት ጸንቶ የቆይታው ቀን ግን 21 ሊሆን ይችላል፤ የሚቆጠረው 21ዱ ነው።

ስለ ፓሱ የነገሩዎት ግማሹ እውነት ነው። ዩሬይል ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖሩ የሚሸጥ፣ በ33 አገሮች የሚሠራ ፓስ ነው። መለኪያው ዜግነት ሳይሆን መኖሪያ ስለሆነ ሁለታችሁም መግዛት ትችላላችሁ፤ እናትዎ ከ60 ዓመት በላይ ስለሆኑ 10 በመቶ ይቀነስላቸዋል። አክስትዎ አብሬ ልሂድ ቢሉ ግን የእርሳቸው ለአውሮፓ ነዋሪዎች የሚሸጠው ኢንተርሬይል የሚባለው ፓስ ነው፤ እርሱም በሚኖሩባት ጀርመን ውስጥ አንድ ጊዜ ለመውጣትና አንድ ጊዜ ለመመለስ ብቻ ያገለግላቸዋል።

ያልተነገረዎት ግማሽ ይህ ነው፦ ፓሱ የመሳፈሪያውን ዋጋ ይሸፍናል እንጂ መቀመጫ አይዝም። መቀመጫ ሳይያዝ መሳፈር የሚቻልበትና የማይቻልበት አገር ደግሞ የተለያየ ነው። በጀርመን፣ በኦስትሪያ፣ በስዊዘርላንድ፣ በኔዘርላንድስ፣ በቤልጂየምና በቼክ የአገር ውስጥ ባቡሮች፣ ፈጣኖቹን የጀርመኑን አይሲኢና የኦስትሪያውን ሬልጄት ጨምሮ፣ በአብዛኛው ፓስ ያለው ሰው ዝም ብሎ ይሳፈራል፤ ክፍት ወንበር ካገኘ ይቀመጣል። በሌሎቹ ፈጣን ባቡሮች፣ በፈረንሳይ ቴዤቬ፣ በጣሊያን ፍሬቻሮሳ፣ በስፔን አቬና በዩሮስታር ግን ፓስ ቢኖርም መቀመጫ ማስያዝ ግዴታ ነው፤ ለብቻውም ይከፈልበታል። ቴዤቬ ላይ ከ10 እስከ 20 ዩሮ፣ ዩሮስታር ላይ ከ30 ዩሮ በላይ ይደርሳል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስጨንቀው ኮታው ነው። ፈረንሳይና ዩሮስታር በአንድ ባቡር ውስጥ ለፓስ ተጓዦች የሚመድቡት ወንበር ውስን ስለሆነ፣ ባቡሩ ገና ባዶ ሆኖ ሳለ የፓስ ወንበሩ ያለቀበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህ ላይ የጣሊያኑ ኢታሎና የፈረንሳዩ ዊጎ የሚባሉት ባቡሮች ፓሱን ጨርሶ አይቀበሉም፤ በአንድ ጣቢያ፣ በአንድ ሐዲድ የሚሄዱ ቢሆንም።

እንግዲህ ከፓሪስ ወደ ፍራንክፈርት ወይም ወደ አምስተርዳም የሚሄደውን ፈጣን ባቡር «ነገ ጠዋት እናየዋለን» ማለት አይቻልም። ከፍራንክፈርት ወደ ድሬስደን፣ ከፕራግ ወደ ቪየና፣ ከቪየና ወደ ሳልዝቡርግ ያለውን ግን ቁርስ ላይ ሆናችሁ መወሰን ትችላላችሁ። የጉዞውን ሁለት ጫፎች ከአሁኑ አስራችሁ መሐሉን ልቀቁት የምለው ለዚህ ነው።

የፓሱ አሠራርም የራሱ ወጥመድ አለው። የምትገዙት ለምሳሌ «በ1 ወር ውስጥ 5 የጉዞ ቀን» ነው። አንድ የጉዞ ቀን ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ይቆጠራል፤ በዚያ ቀን ውስጥ አንድም አምስትም ባቡር ብትሳፈሩ ቀኑ አንድ ነው። በሌሊት ባቡር ስትሄዱ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ባቡር ካልቀየራችሁ፣ የሚቆጠረው የተነሣችሁበት ቀን ብቻ ነው። ፓሱ ስልክ ላይ የሚጫን ሲሆን የሁለታችሁንም በእርስዎ ስልክ መያዝ ይቻላል። ጉዞውን ግን ባቡሩ ከመነሣቱ በፊት መተግበሪያው ውስጥ መመዝገብ አለብዎት። ተቆጣጣሪው አጠገብዎ ደርሶ ሳለ የሚመዘግብ ሰው ያለ ትኬት እንደተሳፈረ ይቆጠራል፤ የሚከፍለውም ቅጣቱን ነው። ስልኩ ቢያንስ በ3 ቀን አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት ይኖርበታል። ፓሱ ላይ የሚጻፈው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል፤ በእኛ አሰያየም የእናትና የልጅ «የቤተሰብ ስም» መለያየቱ ተቆጣጣሪውን አያሳስበውም፤ የስምና የፓስፖርት አለመግጠም ግን ያሳስበዋል።

ፓስፖርቱን ሆቴል ትቶ መውጣት ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው። ሸንገን ውስጥ ቋሚ የድንበር ኬላ ባይኖርም ጀርመን እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ቁጥጥር መልሳለች። ከአምስተርዳም ወይም ከፕራግ በሚገባ ባቡር ላይ ፖሊስ ወጥቶ መታወቂያ ቢጠይቅ እናትዎ ዋናውን ፓስፖርት ከነቪዛው ማሳየት አለባቸው። የስልክ ፎቶ ምትክ አይሆንም።

አሁን ፍራንክፈርት ዋና ጣቢያን በዐይነ ኅሊናዎ ይዩት። ጣቢያው ሐዲዱ የሚቆምበት፣ ባቡሩ በመጣበት አቅጣጫ የሚወጣበት ዓይነት ነው። ሰሌዳው ላይ የባቡርዎ ቁጥርና የመድረኩ ቁጥር ተጽፏል፤ መድረኩ በፊደል ተከፋፍሎ የእርስዎ ፉርጎ የቱ ፊደል ፊት እንደሚቆም ይገለጻል። እናትዎን ይዘው ኤፍ ላይ ቆመዋል። ባቡሩ ሊገባ 6 ደቂቃ ሲቀረው ድምፅ ማጉያው በጀርመንኛ አንድ ነገር ይላል፤ ሰዉ ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ሌላው ጫፍ መሮጥ ይጀምራል። የፉርጎዎቹ ቅደም ተከተል ተገልብጧል፣ ወይም መድረኩ ተቀይሯል ማለት ነው። ጉልበቱ ለሚያመው ሰው ያ ሩጫ ከጉዞው ሁሉ የከፋ ነው። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጀርመን ውስጥ ግዴታ ባይሆንም ለእናትዎ ሲባል መቀመጫ አስይዙ፤ ለአንድ ሰው 5 ዩሮ ተኩል ገደማ ነው። ባቡሩ ከተነሣ በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተቀመጣችሁበት ግን መብቱ ይቀራል። ሁለተኛ፣ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ለመንቀሳቀስ የሚቸገር ተጓዥ ከ24 ሰዓት በፊት ካሳወቀ ጣቢያው የመሳፈርና የመውረድ እርዳታ ያለ ክፍያ ይሰጠዋል። በዊልቸር መሄድ ግዴታ አይደለም፤ ጉልበቴን ያመኛል ማለት በቂ ነው፤ እናቶቻችን ይህን መጠየቅ ያፍራሉና እርስዎ ይጠይቁላቸው። ድንገት የሚለወጥ ዕቅድ ግን ይህን የአንድ ቀን ማሳሰቢያ አያሟላም። ነፃነታችሁ በሰዓት ሳይሆን በቀን የሚለካ እንዲሆን የምመክረው በዚህም ምክንያት ነው፤ ነገ ወዴት እንደምትሄዱ ዛሬ ማታ ወስኑ።

ሻንጣውን በተመለከተ፣ አብዛኛውን ጊዜ ተሸካሚ የለም፤ ባቡሩ ውስጥ ለመግባትም ሁለትና ሦስት ደረጃ መውጣት ይኖራል። ለአክስት የሚሄደው ዕቃ ከባድ መሆኑ ስለማይቀር ፍራንክፈርትን ወደ ጉዞው መጀመሪያ ማምጣቱ ይጠቅማል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ በአንዳንድ ትንሽ ሻንጣ ትጨርሱታላችሁ።

የጀርመን ባቡር በሰዓቱ ይሄዳል የሚለው ዝና ዛሬ አይሠራም። የጀርመኑ የባቡር ድርጅት የዶይቸ ባን የረጅም ርቀት ባቡሮች እ.ኤ.አ. በ2024 በሰዓቱ የደረሱት 62.5 በመቶ ነበሩ፤ ያውም ከ6 ደቂቃ ያነሰው መዘግየት ሳይቆጠር። ስለዚህ መቀመጫ ግዴታ ወደሆነበት ባቡር የምትቀይሩ ከሆነ በመካከሉ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይኑር። በአንድ ትኬት የተገዛ ጉዞ 60 ደቂቃ ቢዘገይ የዋጋው 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ቢዘገይ 50 በመቶ ይመለሳል። ትኬቶቹ ለየብቻ ከተገዙ ግን የመጀመሪያው ባቡር ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ኪሳራው የእናንተ ነው። ፓስ ያለው ሰው የሚቀጥለውን ባቡር ይሳፈራል፤ የተያዘው መቀመጫ ግን አብሮት አይሻገርም።

ከፍራንክፈርት ወደ ፕራግ ቀጥታ ባቡር አትፈልጉ። በአይሲኢ ድሬስደን ድረስ ሄዳችሁ፣ ብትችሉ እዚያው አድራችሁ፣ በማግሥቱ በቀን ወደ ፕራግ ተሻገሩ። ከድሬስደን ፕራግ ከ2 ሰዓት ተኩል አይበልጥም፤ ሐዲዱ የኤልበን ወንዝ ተከትሎ በገደል መካከል ያልፋል፤ ወንዙ በግራ በኩል ስለሆነ በግራ ተቀመጡ። ሰሌዳ ላይ ፕራግ «ፕራሃ»፣ ቪየና «ቪን»፣ ፍሎረንስ «ፊሬንዜ» ተብለው እንደሚጻፉም ልብ ይበሉ፤ በእንግሊዝኛ ስማቸው እየፈለጉ ባቡር ያመለጣቸው አሉ። ከቪየና ቬኒስ የሌሊት ባቡር አለ፤ ለሴቶች ብቻ የተለየ የመኝታ ክፍልም ማስያዝ ይቻላል። እኔ ግን ለእናትዎ የቀኑን እመርጣለሁ። ተደራራቢ አልጋ ላይ መውጣት ለጉልበት አይበጅም፤ በዚያ ላይ የቀኑ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1854 የተጠናቀቀውን የዜመሪንግ ተራራ መስመር ያሳልፋል። መንገዱ 7 ሰዓት ገደማ ስለሚወስድና ወደ ጣሊያን ስለሚሻገር ለዚህኛው መቀመጫ አስቀድማችሁ ያዙ። ቬኒስ ስትደርሱ ሜስትሬ በምትባለው ጣቢያ ላይ አትውረዱ፤ ከተማዋ ያለችው የመጨረሻዋ ጣቢያ ሳንታ ሉቺያ ጋ ነው።

ጣሊያን ውስጥ ፓሱን አታቃጥሉት። የቬኒስ፣ የፍሎረንስና የሮም ፈጣን ባቡር ቀደም ብሎ ሲገዛ ርካሽ ነው፤ የክልል ባቡር ደግሞ ዋጋው ዛሬም ነገም አንድ ስለሆነ ቀን ላልቆረጠ ሰው ይመቻል። የወረቀት የክልል ትኬት ግን ከመሳፈር በፊት ጣቢያው ውስጥ ባለው ማሽን መመታት አለበት፤ በስልክ የተገዛውም «ቼክ ኢን» ይፈልጋል። እኔ ራሴ ፍሎረንስ አካባቢ ገንዘቡን የከፈልኩበትን ትኬት ሳላስመታ ተሳፍሬ ተቀጥቻለሁ፤ ከፍያለሁ ማለት አላዳነኝም፤ ያልተመታ ትኬት ነገም ሊያገለግል ስለሚችል እንዳልተከፈለበት ነው የሚቆጠረው። የጣሊያን ሥራ ማቆም አድማ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ይነገራል፤ በሥራ ቀን የሚደረግ ከሆነ ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር የክልል ባቡሮች አገልግሎት እንዲኖር ሕጉ ያስገድዳል።

ባቡሩ ቢለቃችሁም ሆቴሉ ላይለቃችሁ ይችላል። በሴፕቴምበር ሁለተኛ አጋማሽ ሙኒክ የታላቁ የቢራ በዓል የኦክቶበርፌስት ሰሞን ስለሚሆን «እግረ መንገዳችንን እንደር» የምትሉባት ከተማ አይደለችም። ፍራንክፈርትም የንግድ ትርኢት ሲኖር ዋጋዋ ይንራል፤ እናንተ አክስት ዘንድ ስለምታድሩ አይመለከታችሁም።

የምመክረው ይህ ነው። ለ15 ወይም ለ22 ተከታታይ ቀን የሚሠራውን ፓስ አይግዙ፤ አክስትዎ ቤት 8 ቀን ተቀምጣችሁ ለባቡር መክፈል ይሆናል። በ1 ወር ውስጥ 5 የጉዞ ቀን የሚሰጠው የሁለተኛ ማዕረግ ፓስ ይበቃችኋል። ዋጋው በቅርቡ ለአዋቂ 320 ዩሮ ገደማ ስለነበር አንዱ ቀን ወደ 64 ዩሮ ይመጣል፤ የዕለቱ ትኬት ከዚህ በታች በሆነበት ቀን ፓሱን ሳትነኩ ትኬቱን ግዙ። አራቱ ቀኖች ለአምስተርዳም–ፍራንክፈርት፣ ለፍራንክፈርት–ፕራግ፣ ለፕራግ–ቪየናና ለቪየና–ቬኒስ ናቸው። ድሬስደን ካደራችሁ እስከ ፕራግ ያለውን አጭር መንገድ ለብቻው ግዙት። አምስተኛው ቀን የሐሳብ መለወጫ ነው፤ ሳልዝቡርግን ለማየት፣ ወይም ያልወደዳችሁትን ከተማ ቀድሞ ለመልቀቅ። እርሱ ሳይነካ ቢቀር አይቆጭዎት፤ የተገዛው ነፃነት እርሱ ነው።

ቅደም ተከተሉ አይፋለስ። መጀመሪያ የእናትዎ ቪዛ ነው፤ 45 ቀኑን አስበው ቢያንስ ከ3 ወር በፊት ያመልክቱ። ቪዛው ሳይወጣ የማይመለስ ትኬት አይግዙ። ሲወጣ ከፓሪስ አምስተርዳም ያለውን ዩሮስታር በመደበኛ ትኬት፣ ቀጥሎ የቬኒስ–ሮምን ባቡር ይግዙ፤ ፓሱን ከዚያ በኋላ። ፓሱ ከተገዛ በኋላ ሳይጀመር እስከ 11 ወር ስለሚቆይ አይቸኩሉ፤ የመጀመሪያውን ቀን መተግበሪያው ላይ የሚያስጀምሩት ከአምስተርዳም በምትነሡበት ጠዋት፣ ሻንጣው ተዘግቶ፣ ባቡሩ ገና ሳይነሣ ነው።